ዳታቤዙን በስክሪፕት ባዶ ማድረግ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሁኔታ?

ዳታቤዝ ውስጥ ያሉትን ቴብሎች በሙሉ ማጽዳት የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ሉፕ ነው። የቴብሎቹን ስም ዘርዝሮ አንድ በአንድ የሚያጠፋ ስክሪፕት። ይገለብጠዋል፣ ያስሮጠዋል፣ ገና ከመጀመሩ ፎሪን ኪ (አንድ ቴብል የሌላውን ረድፍ የሚጠቁምበት ማሰሪያ) ያስቆመዋል። ከዚያ ሌላ ስክሪፕት ፍለጋ ይገባል። እኔ ሉፑ የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ፈቃዳችሁ እስከሚያደርሳችሁ ድረስ ከላይ ጀምሩ፦ ዳታቤዙን እንዳለ መጣል ከቻላችሁ ጣሉት፤ ካልቻላችሁ ስኬማውን (በዳታቤዙ ውስጥ ቴብሎቹን የያዘውን ክፍል) ጣሉ፤ እሱም ካልሆነ ብቻ ወደ ቴብሎቹ ውረዱ። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ተረስቶ የሚቀር ነገር ይበዛል፣ ስክሪፕቱም ይረዝማል።

ግን መጀመሪያ ምን እንዲቀር እንደምትፈልጉ ወስኑ። ቴብሎቹ ቆመው ውስጣቸው ያለው ዳታ ብቻ ይጥፋ? ወይስ ቴብሎቹም ይሂዱና ማይግሬሽኑ (ቴብሎቹን የሚፈጥረው ስክሪፕት) ከዜሮ ይነሳ? ለመጀመሪያው ትራንኬት ወይም ዲሊት ነው፣ ለሁለተኛው ድሮፕ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ዳታውን ብቻ አጥፍቶ ማይግሬሽን ያስነሳና «ቴብሉ አለ» የሚል ኤረር ላይ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ስክሪፕቱ የት እንዳለ ይወቅ

ንጽጽሩ ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ከታች ያሉት ትዕዛዞች አብዛኞቹ «እርግጠኛ ነህ?» ብለው አይጠይቁም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ (የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት) ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። አንድ ኢንጂነር ሌሊት ላይ የሪፕሊካውን (የዋናውን ቅጂ የያዘውን ሰርቨር) የዳታ ፎልደር ሊያጸዳ ፈልጎ ትዕዛዙን ዋናው ሰርቨር ላይ አስኬደው። ስህተቱ ገብቶት ሲያስቆመው ወደ 300 ጊጋባይት ከሚጠጋው ዳታ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነበር። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ ደግሞ ባክአፑን የሚወስደው የፒጂደምፕ ፕሮግራም ቨርዥን ከሰርቨሩ ጋር ስላልተጣጣመ ለካ ሳይሠራ ኖሯል። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ የተወሰደ ስናፕሾት ነው፤ በመካከሉ የገባው ዳታ ግን ቀረ።

ስለዚህ የምትጽፉት ስክሪፕት መጀመሪያ የተገናኘበትን ዳታቤዝ ስም ይጠይቅ፤ ስሙ መጨረሻው ላይ ዴቭ ወይም ቴስት የሚል ከሌለው ዝም ብሎ ይውጣ። ሁለት ሦስት መስመር ነው። ከዚህ በተጨማሪ አፕሊኬሽኑ ፕሮዳክሽን ላይ የሚጠቀምበት ዩዘር የድሮፕ ፈቃድ ባይኖረው ይሻላል፤ ማይግሬሽን የሚያስኬደው ዩዘር ሌላ ይሁን። ማይኤስኪውኤል ላይ ትራንኬትም ቢሆን የድሮፕን ፈቃድ ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ በአንድ ክልከላ ሁለቱንም ትዘጋላችሁ።

ዳታቤዙን እንዳለ መጣል

በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ከሆናችሁ ሌላ ነገር አትመልከቱ። ድሮፕ ዳታቤዝ፣ ክሪኤት ዳታቤዝ፣ ማይግሬሽን፣ በቃ። ቪው፣ ፋንክሽን፣ ትሪገር፣ ሲኩዌንስ፣ ማን ምን ረስቶ እንደሄደ የማይታወቅ የሙከራ ቴብል፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ፖስትግሬስ ላይ የሚያስቸግረው ነገር የተከፈተ ኮኔክሽን ነው። አንድ ሰው እንኳን ተገናኝቶ ከሆነ «ሌሎች ተጠቃሚዎች እየተጠቀሙበት ነው» ብሎ እምቢ ይላል፤ ያ ሌላ ተጠቃሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናንተው የከፈታችሁት ዲቢቨር ወይም ከጀርባ እየሮጠ ያለው የዴቭ ሰርቨራችሁ ነው። ከ13ኛው ቨርዥን ጀምሮ ድሮፕ ዳታቤዝ ላይ ዊዝ ፎርስ የሚል መጨመር ይቻላል፣ የተገናኘውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። ከዚያ በታች ያለ ቨርዥን ላይ ከሆናችሁ ኮኔክሽኖቹን በፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ መግደል አለባችሁ። ደግሞም ድሮፕ ዳታቤዝ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትዕዛዞች ስብስብ) ውስጥ አይገባም፣ መመለሻ የለውም። እሱን የሚያዘው ሰው ራሱም ሌላ ዳታቤዝ ላይ ተገናኝቶ መሆን አለበት፤ ለዚህ ፖስትግሬስ የሚባለው ነባሪ ዳታቤዝ አለላችሁ።

ማይኤስኪውኤል ላይ ኮኔክሽን አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ካራክተር ሴት (ፊደላት የሚቀመጡበት ኮድ) ነው፣ እኛ አማርኛ የምናስገባ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ልንጠነቀቅ ይገባል። ከ8.0 በፊት የነበሩት ቨርዥኖች ነባሪ ካራክተር ሴት ላቲን 1 ነበር። የድሮው ዳታቤዝ ሲፈጠር አንድ ሰው አስቦ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብሎት ከነበረና እናንተ ጥላችሁ ያለ ምንም ተጨማሪ ቃል ክሪኤት ዳታቤዝ ካላችሁ፣ አዲሱ ወደ ሰርቨሩ ነባሪ ይመለሳል። ማይግሬሽኑ በሰላም ያልፋል። ችግሩ የሚታየው አንድ ሰው ስሙን በአማርኛ ሲመዘገብ ነው፤ ወይ ኤረር ይመጣል፣ ወይ ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ከመጣላችሁ በፊት ሾው ክሪኤት ዳታቤዝ ብላችሁ የሚወጣውን መስመር አስቀምጡ፣ መልሳችሁ የምትፈጥሩትም በእሱ ይሁን። 8.0 እና ከዚያ በላይ ላይ ነባሪው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ስለሆነ ይህ ጭንቀት ይቀላል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይም ይሠራል፤ መጀመሪያ ዳታቤዙን በኦልተር ሲንግል ዩዘር ላይ አድርጋችሁ ሮልባክ ኢሚዲየት ማለት ነው፣ የተገናኘው ሁሉ ይወጣል፣ ከዚያ መጣል።

ፖስትግሬስ ላይ ስኬማውን መጣል

ዳታቤዝ የመፍጠር ፈቃድ ከሌላችሁ፣ ወይም ክላውድ ላይ አንድ ዳታቤዝ ብቻ ተሰጥቷችሁ ከሆነ፣ ፖስትግሬስ ላይ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ድሮፕ ስኬማ ፐብሊክ ካስኬድ፣ ቀጥሎ ክሪኤት ስኬማ ፐብሊክ። ፐብሊክ ነባሪው ስኬማ ነው፤ ካስኬድ ማለት ደግሞ በእሱ ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ አብረህ ጣል ማለት ነው። ሁለት መስመር። ፎሪን ኪ የለ፣ ቅደም ተከተል የለ። ከሁሉ የሚያስደስተው ደግሞ ትራንዛክሽን ውስጥ መግባቱ ነው፤ ቢጊን ብላችሁ፣ ጥላችሁ፣ መልሳችሁ ፈጥራችሁ፣ ነገሩ ካላማራችሁ ሮልባክ ብላችሁ ሁሉንም ወደነበረበት መመለስ ትችላላችሁ። ማይኤስኪውኤል ለሚጠቀም ሰው ይህ ቅንጦት ነው።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛ፣ ፈቃዶቹ ከስኬማው ጋር ይሄዳሉ። አዲሱ ፐብሊክ የፈጠረው ሰው ንብረት ነው፤ በአድሚን ዩዘር ፈጥራችሁት አፕሊኬሽኑ በሌላ ዩዘር የሚገናኝ ከሆነ፣ «ፈቃድ የለህም» ይባላል። ግራንት ዩዜጅ እና ግራንት ክሪኤት በስክሪፕቱ ውስጥ አብረው ይጻፉ። ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ አዲስ ዳታቤዝ ስትፈጥሩም ፐብሊክ ላይ ማንም እንደፈለገ ቴብል እንዲፈጥር አይፈቀድም፣ ስለዚህ የድሮ መመሪያ ይዛችሁ ግር ቢላችሁ አይፍረድባችሁ። ሁለተኛ፣ ኤክስቴንሽኖች፣ ማለትም ፖስትግሬስ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ክፍሎች። ፖስትጂአይኤስ ወይም ዩዩአይዲ የሚያመነጨው ኤክስቴንሽን ፐብሊክ ውስጥ ተጭኖ ከሆነ አብሮ ይጠፋል፤ መልሶ ለመጫን የሚያስፈልገው ፈቃድ ደግሞ እናንተ ጋ ላይኖር ይችላል። አድሚኑ ዕረፍት ላይ ባለበት ሳምንት ይህን ማወቅ ደስ አይልም። መጀመሪያ በፒኤስኪውኤል ውስጥ ዲኤክስ የሚለውን አጭር ትዕዛዝ ሰጥታችሁ የትኛው ኤክስቴንሽን የት እንደተጫነ እዩ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፦ በጣም ብዙ ሺህ ቴብል ካላችሁ ካስኬዱ ለእያንዳንዱ መቆለፊያ ይፈልግና «የጋራ ሜሞሪ አለቀ» ብሎ ሊቆም ይችላል። ያኔ በክፍል በክፍል መጣል ነው።

ፖስትግሬስ ላይ ሉፕ ለመጻፍ ለሚያስቡ ደግሞ፣ ቴብሎቹን ብቻ ከጣላችሁ ኢነም ታይፖች (የተፈቀዱ እሴቶችን የሚዘረዝሩ የዳታ ዓይነቶች) ይቀራሉ። ማይግሬሽኑ «ይህ ታይፕ አለ» ብሎ ይወድቃል። ስኬማውን ስትጥሉ ግን እነሱም ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ከላይ ጀምሩ የምለው።

ማይኤስኪውኤል ላይ ሉፑ አይቀርም

ርካሽ ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ያለ ሰው፣ ሲፓነል ተሰጥቶት በፒኤችፒማይአድሚን ብቻ የሚሠራ፣ ዳታቤዙን መጣል አይችልም፤ ፒኤችፒማይአድሚን ለተራ ዩዘር ድሮፕ ዳታቤዝን በነባሪው ይከለክላል። ማይኤስኪውኤል ላይ ደግሞ ስኬማና ዳታቤዝ አንድ ስለሆኑ የመካከለኛው መንገድ የለም። ስለዚህ ቴብል በቴብል።

የሚጠፉት ቴብሎች 20 እና 30 ከሆኑና ሥራው የአንድ ጊዜ ከሆነ ስክሪፕት አትጻፉ። ሁሉንም ምረጡ፣ ድሮፕ በሉ፣ የፎሪን ኪ ቼክ የሚለውን ሳጥን ምልክቱን አንሱ፣ ጨርሳችኋል።

ደጋግማችሁ የምታደርጉት ከሆነ ግን ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ኢንፎርሜሽን ስኬማ ውስጥ የቴብሎቹን ስም በግሩፕ ኮንካት ሰብስቦ አንድ ረጅም የድሮፕ ትዕዛዝ መገንባትና በፕሪፔርድ ስቴትመንት ማስኬድ ነው። ይህ መንገድ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለው፤ ግሩፕ ኮንካት በነባሪው ከ1024 ባይት በላይ አያወጣም። ቴብላችሁ ጥቂት እያለ በደንብ ይሠራል፣ ፕሮጀክቱ ሲያድግ ዝርዝሩ መሃል ላይ ይቆረጣል፣ የመጨረሻው ስም ግማሽ ሆኖ የሌለ ቴብል ይፈለጋል። እናንተ ደግሞ ኮዱን አልነካሁትም ትላላችሁ፣ እውነትም አልነካችሁትም። መፍትሔው መጀመሪያ ላይ ግሩፕ ኮንካት ማክስ ሌን የሚለውን ከፍ ማድረግ ነው። በተጨማሪ ቴብል ታይፑ ቤዝ ቴብል የሆነውን ብቻ ምረጡ፤ አለበለዚያ ቪውዎቹም ዝርዝሩ ውስጥ ይገቡና ድሮፕ ቴብል ቪው ላይ ሲደርስ ያጉረመርማል።

ሁለተኛው ሼል ላይ ላሉ ሰዎች ነው፣ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ማይኤስኪውኤል ደምፕ ዳታ ሳያወጣ ስትራክቸሩን ብቻ ሲያወጣ ከእያንዳንዱ ቴብል በፊት የድሮፕ መስመር ይጽፋል። በግሬፕ በድሮፕ የሚጀምሩትን መስመሮች ብቻ ለቅማችሁ መልሳችሁ ወደ ማይኤስኪውኤል ትልኳቸዋላችሁ። ስሞቹ በትክክል በባክቲክ ታጥረው ነው የሚመጡት፣ የርዝመት ገደብ የለም። የምትረሱት አንድ ነገር ቢኖር፣ ደምፑ ራሱ መጀመሪያ ላይ የሚጽፈው የፎሪን ኪ ቼክ ማጥፊያ መስመር በግሬፑ ተጣርቶ ይቀራል። እሱን በእጃችሁ ከፊት ጨምሩ።

ፎሪን ኪ ቼክስ ወደ ዜሮ ሲደረግ የሚሠራው ለዚያ ሴሽን ብቻ ነው። ከፓይተን ወይም ከኖድ የምትጽፉ ሰዎች እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ ኮኔክሽን ፑል (ተከፍተው የሚጠብቁ ኮኔክሽኖች ስብስብ) ካላችሁ የመጀመሪያው መስመር በአንድ ኮኔክሽን፣ ድሮፑ በሌላ ሊሄድ ይችላል፤ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም የሚባለው ነገር ምንጩ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። አንድ ኮኔክሽን ይዛችሁ በእሱ ጨርሱ። ቼኩን መልሳችሁ ስታበሩትም ቀድሞ የገባውን ዳታ አይመረምርም፣ ስለዚህ ግማሹን ብቻ አጥፍታችሁ ከሆነ ወላጅ የሌላቸው ረድፎች ዝም ብለው ይኖራሉ።

ሮልባክ የሚባል ነገር እዚህ የለም። ድሮፕም ትራንኬትም ሳይጠየቁ ኮሚት ያደርጋሉ፣ ማለትም ለውጡን ያጸድቃሉ። ሉፑ መሃል ላይ ከወደቀ ግማሽ ዳታቤዝ ይዛችሁ ነው የምትቀሩት።

ዳታው ብቻ ሲጠፋ፦ ትራንኬት ወይስ ዲሊት?

እዚህ መልሱ እንደ ዳታቤዙ ይለያያል፣ «ትራንኬት ሁልጊዜ ይፈጥናል» የሚለውን አትመኑ። ትልቅ ቴብል ላይ አዎ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ዲሊት እያንዳንዱን ረድፍ ሎግ እያደረገ ሲያጠፋ ትራንኬት ፋይሉን በአዲስ ባዶ ፋይል ይተካዋል። ፖስትግሬስ ላይ ደግሞ ዲሊት ያጠፋቸው ረድፎች ቫክዩም (የጠፉ ረድፎችን የሚያጸዳው ሥራ) እስኪመጣ ቦታ ይዘው ይቆያሉ። ነገር ግን በጥቂት ረድፍ የተሞሉ ብዙ ትናንሽ ቴብሎች ላይ፣ ማለትም ቴስት ስታስኬዱ የሚኖራችሁ ዓይነት ላይ፣ ለየቴብሉና ለየኢንዴክሱ አዲስ ፋይል መፍጠሩ ራሱ ጊዜ ይወስዳልና ዲሊት ሊቀድም ይችላል። ለክታችሁ ወስኑ።

ፖስትግሬስ ላይ ሉፕ አያስፈልግም። ትራንኬት ብዙ ቴብል በአንድ ትዕዛዝ ይቀበላል፤ እርስ በርስ የሚጠቃቀሱት ሁሉ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ካሉ ፎሪን ኪው አያጉረመርምም። ፒጂ ቴብልስ ከሚባለው ቪው ስሞቹን በስትሪንግ አግ ሰብስቡና አንድ መስመር አድርጉት፤ በፒኤስኪውኤል ውስጥ ከሆናችሁ ጂኤግዜክ የተገነባውን መስመር ወዲያው ያስኬድላችኋል። ስሞቹን ኮት አይደንት በሚባለው ፋንክሽን አሳልፉ። ፕሪዝማ የምትጠቀሙ በተለይ፣ ቴብሎቻችሁ በትልቅ ፊደል የሚጀምሩ ስለሆኑ ያለ ጥቅስ አይገኙም። አይዲው ከ1 እንዲጀምር ከፈለጋችሁ ሪስታርት አይደንቲቲ ጨምሩ፣ በራሱ አያደርገውም። ማይኤስኪውኤል ግን ትራንኬት ባደረገ ቁጥር ቆጣሪውን ራሱ ይመልሳል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር እዚህ ግትር ነው። ሌላ ቴብል በፎሪን ኪ የሚጠቁመውን ቴብል ትራንኬት አያደርግም፤ ኮንስትሬይንቱን ብታጠፉትም አያደርግም፣ መጣል አለበት። ስለዚህ የተለመደው መንገድ ሦስት እርምጃ ነው፦ በኤስፒ ኤምኤስ ፎርኢችቴብል ሁሉም ላይ ኖቼክ ብሎ ኮንስትሬይንቶቹን ማጥፋት፣ ሁሉንም ዲሊት ማድረግ፣ ከዚያ ኮንስትሬይንቶቹን መመለስ። መመለሱ ላይ ቼክ የሚለው ቃል ሁለቴ መጻፉ ስህተት አይደለም፤ ዊዝ ቼክ ቼክ ካልተባለ ኮንስትሬይንቱ ይበራል ግን አንዴ ሳይፈተሽ ስለበራ ሰርቨሩ አያምነውም፣ ኩዌሪ ሲያቅድም አይጠቀምበትም። ያቺ ፕሮሲጀር ማይክሮሶፍት በይፋ ያልመዘገባት መሆኗንም እወቁ፤ ለዴቭ ማሽን ትሆናለች፣ ፕሮዳክሽን ላይ በየቀኑ የምትሮጥ ጆብ ውስጥ ግን ባላስገባት እመርጣለሁ። አይዲውን ለመመለስ ዲቢሲሲ ቼክአይደንት አለ።

ኦራክል ላይ ዩዘርና ስኬማ አንድ ናቸው፤ ፈቃዱ ካላችሁ ድሮፕ ዩዘር ካስኬድ፣ ከሌላችሁ ዩዘር ቴብልስ ላይ ሉፕ አድርጋችሁ ካስኬድ ኮንስትሬይንትስ። ፐርጅ ካላላችሁ ቴብሎቹ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ስማቸውን ቀይረው ይቀመጣሉ።

ኤስኪውላይት? ፋይሉን አጥፉት። ስማቸው በዋልና በኤስኤችኤም የሚያልቁት ሁለት ተጓዳኝ ፋይሎች ካሉ አብረው ይጥፉ። ትራንኬት የሚባል ትዕዛዝ የለውም።

ፍሬምወርካችሁ ይህን ሁሉ ያውቃል

ላራቬል፣ ጃንጎ ወይም ሬይልስ ላይ ከሆናችሁ ከላይ ያለውን ሁሉ ከመጻፋችሁ በፊት የተዘጋጀውን ተጠቀሙ። ላራቬል ላይ ማይግሬት ፍሬሽ ሁሉንም ቴብል ጥሎ ማይግሬሽኑን ከዜሮ ያስነሳል፤ ማይግሬት ሪፍሬሽ ግን እያንዳንዱን ማይግሬሽን ወደ ኋላ እየመለሰ ነው የሚወርደው፣ አንዱ ዳውን ፋንክሽን በትክክል ካልተጻፈ እዚያው ይቀራል። ሰው ዳውንን በጥንቃቄ ስለማይጽፍ ፍሬሽን ምረጡ። የጃንጎው ፍላሽ ዳታውን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ የማይግሬሽን መዝገቡ ስለሚቀር ሞዴል ቀይራችሁ ያ ለውጥ እንዲገባ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ፍላሽ አይጠቅማችሁም። ፕሪዝማ ላይ ማይግሬት ሪሴት አለ፤ ከ7ኛው ቨርዥን በፊት ካበቃ በኋላ ሲድ ስክሪፕታችሁንም (መነሻ ዳታ የሚያስገባውን) ያስኬድ ነበር።

ለቴስት ከሆነ ደግሞ ምናልባት ምንም ማጥፋት አያስፈልጋችሁም። እያንዳንዱን ቴስት ትራንዛክሽን ውስጥ አስገብቶ መጨረሻ ላይ ሮልባክ ማድረግ ከሁሉም ይፈጥናል፤ የጃንጎ ቴስትኬዝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የማይሆነው ኮዱ ራሱ ኮሚት ማድረጉን መፈተን ስትፈልጉ ወይም በብራውዘር በኩል ሌላ ኮኔክሽን ሲገባ ነው።

ጥቂት ቴብሎች እንዲቀሩ ሲፈለግ

የክልልና የወረዳ ዝርዝር፣ የባንክ ኮዶች፣ የሚናዎች ቴብል። እነዚህን ማንም ደግሞ ማስገባት አይፈልግም። ብዙ ሰው ትራንኬት ካስኬድ ላይ እነሱን ከዝርዝሩ በማውጣት የዳኑ ይመስለዋል። ፖስትግሬስ ላይ ካስኬድ የሚሄደው ወደ ጠቋሚዎቹ ነው፤ የወረዳው ቴብል «ማን መዘገበው» ብሎ በፎሪን ኪ ወደ ዩዘር ቴብል የሚጠቁም አንድ ኮለም ካለው፣ ዩዘርን ስታጸዱ ወረዳውም ይጸዳል። ኮለሙ ባዶ መሆን ቢችልም፣ ኦን ዲሊት ሴት ነል ቢባልም ያው ነው፣ ትራንኬት እሱን አይመለከትም። የምታዩት ነገር ቢኖር «ወደዚህ ቴብልም ተዛምቷል» የምትል አንዲት ኖቲስ ናት፣ እሷም ስክሪፕት ውስጥ ማንም አያነባትም።

ስለዚህ ካስኬድን ትታችሁ የሚጠፉትን በሙሉ በስም ዘርዝሩ፤ የረሳችሁት ወይም እንዲቀር የፈለጋችሁት ቴብል የሚጠፋውን የሚጠቁም ከሆነ ትዕዛዙ እምቢ ይላል፣ እምቢ ማለቱ ደግሞ የሚፈለግ ነው። ያኔ ቢጊን ብላችሁ የወረዳውን ኮለም በአፕዴት ነል አድርጉና የቀሩትን ትራንኬት አድርጉ፣ ከዚያ ለዩዘር ቴብሉ ዲሊት ተጠቀሙ፣ ኮሚት በሉ። የሚቀሩት ቴብሎች ከሁለት ከሦስት በላይ ከሆኑ ግን እነሱን ከማጽዳት ስክሪፕቱ አውጥታችሁ ሲድ ፋይል ውስጥ አስገቧቸው። ያኔ ሁሉንም መጣል ትችላላችሁ፣ መልሶ ማስገባቱ የሲዱ ሥራ ይሆናል።